ለሥራ መመላለሻ ትልቅ ስኩተር ወይስ ሞተር ሳይክል? ሮም ውስጥ እንዴት እንደሚመረጥ

«ልጄ፣ ሲሲውን ተወውና ጎማውን እይ።»

ይህን ያሉኝ ሮም ውስጥ ያረጁ አንድ አበሻ መካኒክ ናቸው። ያን ጊዜ ልቤ የሸፈተው አንድ የሚያብረቀርቅ ባለ ትንሽ ጎማ ስኩተር ላይ ነበር። አልሰማኋቸውም፣ ገዛሁት። በሦስተኛው ሳምንት ፖርታ ማጆሬ ጋ፣ ከትራሙ ሐዲድ ጎን፣ ዝናብ እያካፋ የፊት ጎማዬ ውሃ የሞላ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ተዘረርኩ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ሱሪዬ ተቀደደ፣ የግራ ፍሬቻው ረገፈ። ከዚያ ወዲህ «ስኩተር ልግዛ ወይስ ሞተር?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው ይህንኑ ነው።

1. መጀመሪያ ፓተንተውን እዩ

ምርጫው ግማሽ በግማሽ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። የመኪና ማለትም የ«ቢ» ፓተንተ (መንጃ ፈቃድ) ያለው ሰው ጣልያን ውስጥ እስከ 125 ሲሲና 11 ኪሎዋት ያለ ተጨማሪ ፈተና ይነዳል። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ «ኤ2» አለ፤ ከ18 ዓመት ጀምሮ፣ እስከ 35 ኪሎዋት። ባለ 300 እና ባለ 350 ሲሲ ስኩተሮች በዚህ ይነዳሉ። ገደብ የሌለው «ኤ» የሚሰጠው በ24 ዓመት ነው፤ ኤ2ን ሁለት ዓመት ይዞ የቆየ ግን በ20 ዓመቱ ሊፈተን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚያመልጠው አንድ ነገር አለ። የተግባር ፈተናውን ማርሽ በሌለው ስኩተር ከወሰዳችሁ ፓተንተው ላይ 78 የሚል ቁጥር ይሰፍራል፤ ማርሽ ያለው ሞተር አትነዱም ማለት ነው። በስኩተር መፈተን እንደሚቀል አውቃለሁ። ቢሆንም ላብ በላብ ሆናችሁም ቢሆን በማርሽ ተፈተኑ፤ ነገ ሞተር ቢያምራችሁ እንደገና ሰልፍ አትገቡም።

2. መንገዳችሁን ጻፉት

አንድ ሳምንት ሙሉ በምትመላለሱበት መንገድ ላይ ዓይናችሁን ከፍታችሁ ሂዱ፤ በአውቶቡስም ቢሆን። ማታ ቤት ስትገቡ ጻፉ፦ ስንት ኪሎሜትር ነው? ምን ያህሉ አስፋልት፣ ምን ያህሉ ሳምፒየትሪኒ፣ ማለትም የድንጋይ ንጣፍ ነው? የት የት ሐዲድ ያቋርጣል? ፍጥነቱ ከ80 የሚያልፈው የት ላይ ነው?

ሦስት ሰዎችን እናስብ። አንዷ ከቼንቶቼሌ ተነስታ ተርሚኒ አካባቢ ትሠራለች። መንገዷ አሥር ኪሎሜትር አይሞላም፣ ግን መብራት፣ ሐዲድና ጉድጓድ ነው። ሌላው ከኦስቲያ በክሪስቶፎሮ ኮሎምቦ ጎዳና ይመጣል። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ይሁንና የጥዶቹ ሥር አስፋልቱን ከታች እየገፋ አጉብጦታል፤ በፍጥነት ለመጣ ሰው ያ ጉብታ መዝለያ ነው። ሦስተኛው 68 ኪሎሜትር የሚረዝመውን ቀለበት መንገድ፣ ራኮርዶውን፣ ግማሹን ያህል በየቀኑ ይዞራል።

ለመጀመሪያዋ ባለ ትልቅ ጎማ ስኩተር ነው፤ ይህን ብዙም አልከራከርበትም። ለሦስተኛው ሞተር ሳይክል፣ ወይም ከ500 ሲሲ በላይ የሆነ ስኩተር። ከባዱ የኦስቲያው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ስለ ራኮርዶው አንድ ነገር ልጨምር። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ከ150 ሲሲ በታች የሆነ እዚያ ላይ አይወጣም ነበር። አሁን ለአካለ መጠን ለደረሰ ሰው ከ120 ሲሲ ጀምሮ ተፈቅዷል። ሕጉ ፈቀደ ማለት ግን ሞተሩ ቻለ ማለት አይደለም። 125 ሲሲ እስከ ጥጉ ተከፍቶ 100 አካባቢ ሲደርስ፣ ከኋላ የመጣ ከባድ መኪና መብራቱን መስታወታችሁ ላይ ሲያበራ፣ የምትሸሹበት ጉልበት የላችሁም።

3. ጎማውን ለኩ

የጋሼ፣ የዚያ መካኒክ፣ ምክር እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ቬስፓ የሚሄደው በ12 ኢንች ጎማ ነው። የያማሃው ትልቅ ስኩተር ቲማክስ 15፣ ሆንዳ ኤስኤች 350 የተባለው ስኩተር ደግሞ 16 ኢንች አለው። አብዛኛው የከተማ ሞተር ሳይክል 17 ነው። ትንሽ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ይሰምጣል፤ ትልቁ አፉን ረግጦ ያልፋል። ሳምፒየትሪኒ የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ዘመን አልሶታል፤ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው።

ከጎማው ሌላ የተደበቀ ነገር አለ። በብዙ ስኩተሮች ላይ ሞተሩና ካምቢዮው ከኋላ ጎማ ጋር ተጣብቀው አብረው ይነጥራሉ። ያ ሁሉ ብረት ከኋላ ሲዘል ወገባችሁ ይሰማዋል። በሞተር ሳይክል ላይ ሞተሩ ሻንሲው ላይ ታስሮ ስለሚቀመጥ ጎማው ብቻውን ይሠራል። ቲማክስ ከ2001 ጀምሮ ስሙን የገነባው ስኩተር ሆኖ ሳለ ሞተሩን እንደ ሞተር ሳይክል ሻንሲው ላይ በማሰሩ ነው። ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ይህን ከፈረስ ጉልበቱ አስቀድሙ።

4. ክብደቱን ሞክሩ፣ ሻጩን አትመኑ

«ስኩተር ቀላል ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ቲማክስ 560 ወደ 220 ኪሎ ይመዝናል፤ ያማሃ ኤምቲ-07 ሞተር ሳይክል ግን 184 አካባቢ ነው። ኤስኤች 350 ከሁለቱም ያንሳል፣ ወደ 174። እርግጥ ስኩተር ክብደቱ ከታች ስለሆነ ሲሄድ ያንን አያሳይም። የሚያሳየው ሲቆም ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሦስት ነገር አድርጉ፦ ተቀምጣችሁ ሁለቱም እግራችሁ መሬት ይንካ፤ ወርዳችሁ ወደኋላ ግፉት፤ መካከለኛው መቆሚያ ላይ ራሳችሁ አውጡት። ሻጩ ሊያግዛችሁ እጁን ሲዘረጋ «አመሰግናለሁ፣ ቆይ» በሉት። ጠዋት ጠዋት እሱ አይኖርም።

5. ግራ እጃችሁ ምን ይሥራ?

ሞተር ሳይክል ላይ ግራ እጅ የፍሪሲዮን ነው። መንገድ ሲዘጋጋ በየሁለት ሜትሩ ትጨብጣላችሁ፣ ትለቃላችሁ፤ አሥር ኪሎሜትር ሳይሞላ አንጓችሁ ይዝላል። ስኩተር ላይ ያው ግራ እጅ የኋላ ፍሬን ነው። ከሞተር ወደ ስኩተር የሚሻገር ሰው በድንጋጤ «ፍሪሲዮን» ብሎ ጭብጥ ሲያደርገው የኋላው ጎማ ይቆልፋል። ለዚህ ነው ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከለክለው ኤቢኤስ የሚያስፈልገው። ከ2017 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ የሚሸጥ ከ125 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ ሞተር ሁሉ ግዴታ አለበት፤ ያገለገለ ስትገዙ ዓመቱን እዩ።

ስኩተር በጣም በዝግታ ሲሄድ ይንገዳገዳል። መላው ቀላል ነው፦ ነዳጁን በትንሹ ከፍታችሁ ያዙ፣ በግራ እጅ የኋላውን ፍሬን ለስለስ አድርጋችሁ ጫን በሉ። ባዶ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ተለማመዱት።

6. ምን ትይዛላችሁ? ምን ትለብሳላችሁ?

ቀሚስ ለብሳ አሮጊት ለመንከባከብ የምትሄድ እህት እግሯን አንስታ ሞተር ላይ አትወጣም። ስኩተር ከፊት መከለያ አለው፤ ክረምት ሲገባ የእግር ብርድ ልብስ ይታሰርበታል። ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነው ዓይነት የገበያ ዘንቢልም ይይዛል፤ ቲማክስና ቤቨርሊ ግን መሐላቸው ጉብ ያለ ስለሆነ አይመቹም። ጎማው ትልቅ ሲሆን ከመቀመጫው ሥር ያለው ቦታ ይጠብባል፣ አንድ ሄልሜት ገብቶ ያልቃል። ከኋላ ሣጥን አስገጥሙ።

የኦስቲያውን ሰው ያልረሳሁት ለዚህ ነው። ለእሱ መካከለኛ መንገድ አለ። ሆንዳ ኤንሲ 750 የነዳጁ ሰርባትዮ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ሄልሜት የሚያስገባ ዕቃ ማስቀመጫ ያለው ሞተር ሳይክል ነው፤ ጎማው 17፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይር ዓይነትም አለው።

7. ወጪው

ነዳጅ ብዙ አያለያያቸውም። ስኩተሩ ውስጥ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርስ ቺንጋ አለ፤ እንደ ሞዴሉ 20,000 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ይቀየራል። ከተበጠሰ መንገድ ላይ ናችሁ። የሞተር ሳይክል ካቴና (ሰንሰለት) በበኩሉ በየ500 እና 1,000 ኪሎሜትሩ መሐል ዘይት ይፈልጋል፤ ዝናብ ከመታው ቶሎ። እጁን ማቆሸሽ የማይወድ ስኩተር ይግዛ። ደግነቱ ጋራዥ ውስጥ ቋንቋ አይቸግርም፦ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ፤ ባለቤቶቹም የሚሉት እንደኛው ነው።

ሌባ ኤስኤችንና ቲማክስን ይወዳል። የወፍራም ሰንሰለት ዋጋ ከመግዣው ጋር አብራችሁ ደምሩ፤ ከማይነቀል ብረት ጋር እሰሩት።

8. በራሳችሁ መንገድ ሞክሩት

ብሎኩን አንዴ ዞሮ መመለስ ሙከራ አይባልም። ለአንድ ቀን ተከራዩትና ሥራ በምትሄዱበት ሰዓት፣ በምትሄዱበት ልብስ፣ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቢቻል ዝናብ ባለበት ቀን። እኔ ሁለተኛውን ስገዛ ፖርታ ማጆሬ ያቺው ጉድጓድ አሁንም ነበረች። ባለ 16 ኢንቹ ዱብ ብሎ አለፋት። ማታ ጋሼ ዘንድ ወስጄ ሳሳያቸው ሞተሩን አልጠየቁኝም፤ ጎንበስ ብለው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉና «ነፋስ ጎድሎታል» አሉ።