ተሳቢ ቤትዎ ጎማ ይበላል? መጀመሪያ ሚዛን ላይ ያውጡት

አሜሪካ ውስጥ በፒክአፕ የሚጎተት ተሳቢ ቤት ይዞ የሚጓዝ ሰው ጎማ ሲፈነዳበት ቀድሞ የሚረግመው አምራቹን ነው። አንዳንዴ እውነት አለው። ብዙ ጊዜ ግን ጎማው የተቀደደው ከአቅሙ በላይ ተጭኖበት ነው፤ ይህን ደግሞ በዓይን መገመት አይቻልም። በአሜሪካ ከባድ መኪና የሚያሽከረክሩ ወገኖቻችን ካት ስኬልን አሳምረው ያውቁታል፤ ያው በየትራክ ስቶፑ ያለው የምድር ሚዛን ለተሳቢ ቤትም ይሆናል።

ምልክት፦ አንዱ ጎማ ብቻ እየደጋገመ ይፈነዳል፣ ወይም ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል

መንስኤ፦ ጭነቱ ለአራቱም ጎማዎች እኩል አልደረሰም። ባለ ሁለት አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዘው ዘንግ) ተሳቢ እንውሰድ። ጎማው ኤስቲ 225/75 አር 15፣ የጭነት ደረጃው ዲ ከሆነ፣ በ65 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ንፋስ እያንዳንዱ እስከ 2,540 ፓውንድ ይችላል፤ አራቱ በድምሩ 10,160። ሚዛኑ በተሳቢው አክስሎች ላይ 8,400 ፓውንድ ቢያሳይ ባለቤቱ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ የፊተኛው አክስል 3,900፣ የኋለኛው 4,500 ቢሆን፣ የኋለኛውም በግራ 1,900፣ በቀኝ 2,600 ቢሆንስ? የቀኙ የኋላ ጎማ ከልኩ 60 ፓውንድ አልፏል፤ የካት ስኬል ደረሰኝ ግን ይህን አይነግርዎትም፤ የሚመዝነው ግራና ቀኙን አንድ ላይ ነው።

ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ አሠራር ነው። ምድጃው፣ ማቀዝቀዣውና ወደ ውጭ የሚወጣው ክፍል በአንድ ጎን ይታጨቃሉ። የውሃ ጋኑም ወደዚያው ካዘነበለ፣ 40 ጋሎን ውሃ ብቻውን ከ330 ፓውንድ በላይ ይመዝናል።

መፍትሄ፦ ባዶውን መመዘን ትርፉ ድካም ነው። ውሃው፣ ጋዙ፣ ምግቡና ዕቃው እንደሚጓዙበት ተጭኖ ይመዘን። የካት ስኬል ወለል በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ስለሆነ፣ መገጣጠሚያው መስመር በተሳቢው ሁለት አክስሎች መካከል እንዲውል አድርገው ይቁሙ፤ የእያንዳንዱ አክስል ክብደት ለየብቻ ይወጣል። ዕቃ አዛውረው በ24 ሰዓት ውስጥ እዚያው ሚዛን ከተመለሱ ሁለተኛው ዋጋ ይቀንሳል። ግራና ቀኙን ለመለየት ግን በየጎማው ሥር የሚገባ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ኤስኬፒስ የተባለው የተጓዦች ክለብ ሊቪንግስተን፣ ቴክሳስ ላይ ይህን አገልግሎት ይሰጣል። ውጤቱን ይዘው ከባዱን ዕቃ ወደ ቀለለው ጎን ያዛውሩ። ካልበቃ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ጎማ ይግጠሙ፤ ያው መጠን ያለው ጎማ በደረጃ ኢ በ80 ፒኤስአይ 2,830 ፓውንድ ይሸከማል። ቸርኬው ያንን ንፋስና ክብደት መቻሉን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። የአክስሉ የመሸከም አቅም ግን ጎማ በመቀየር አይጨምርም።

ምልክት፦ የኋለኛው አክስል ጎማዎች ከፊተኛው ይልቅ ይግላሉ

መንስኤ፦ ተሳቢውን ከፒክአፑ የሚያያይዘው ጋንቾ ከፍ ብሎ የተሳቢው አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ብሏል፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ባሌስትራ ያላቸው ሁለት አክስሎች ጭነቱን በመጠኑ ይጋራሉ፤ በውስጣቸው ባለ ላስቲክ የሚሠሩት ቶርሽን አክስሎች ግን እያንዳንዱ ለራሱ ነው።

መፍትሄ፦ ተሳቢው ተጭኖና ተያይዞ ለጥ ባለ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም የጋንቾውን ከፍታ ያስተካክሉ፣ እንደገና ይመዝኑ።

ምልክት፦ የጎማው ሁለቱም ጠርዝ አልቆ መሃሉ ይቀራል

ንፋስ አንሷል ወይም ጭነት በዝቷል። ንፋሱን ጠዋት ሳይነዱ ይለኩ፤ የጋለ ጎማ አያስተንፍሱ። የውስጥ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ደግሞ አክስሉ ታጥፎ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው።

ምልክት፦ በፍጥነት ሲነዳ ተሳቢው ጭራውን ይቆላል

መንስኤ፦ በጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 በመቶ አንሷል። ከ10 እስከ 15 ቢሆን ይመረጣል።

መፍትሄ፦ በጋንቾው ላይ ክብደት አከፋፋይ ዘንጎች ካሉ አላልተው ፒክአፑን ከተሳቢው ጋር ይመዝኑ፣ ከዚያ ፒክአፑን ብቻውን። በፒክአፑ ሁለት አክስሎች ላይ የታየው ልዩነት የጋንቾው ክብደት ነው። ካነሰ ከኋላ የተከመረውን ዕቃ ወደ ፊት ያምጡ።

ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ ጎማው ጎኑ ላይ ከተሰነጣጠቀ ዕድሜውን ይዩ። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና አዲስ ቢመስልም የተሰነጠቀውን ይቀይሩት።