መዓዛው የጠፋ፣ መሃሉ የጎደጎደ፣ ላብ ያወጣ ሻማ፦ አዳማ ላይ ለሚሠሩ ችግርና መፍትሄ

መዓዛ ያለው ሻማ ሠርተው ለመሸጥ የሚነሱ ሰዎች የሚከተሉት መመሪያ ብዙውን ጊዜ ቀዝቃዛ አየር ባለበት፣ መስኮት ተዘግቶ በሚዋልበት አገር የተፈተነ ነው። አዳማ ግን እንደዚያ አይደለችም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ሙቀቱ 30 ዲግሪ የሚደርስበትና የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ ቤቱ መስኮቱን ከፍቶ፣ ማራገቢያውን አብርቶ ይውላል። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የተባሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በዙሪያው ኮረብታዎች ላይ የተተከሉትም አካባቢው ነፋሻ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሻማው ሲያስቸግራችሁ እጃችሁ ወደ መዓዛ ዘይቱ ጠርሙስ ከመሄዱ በፊት ክሩን፣ ሙቀቱንና ነፋሱን መርምሩ። ከማያቸው ችግሮች አብዛኛዎቹ የሚመነጩት ከእነዚህ ከሦስቱ ነው።

ሦስት ዕቃዎች ከሌሏችሁ ደግሞ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ግምት ሆኖ ይቀራል፦ ቴርሞሜትር፣ ግራም የሚለይ ሚዛን፣ የምትጽፉበት ደብተር። መዓዛ በጠርሙስ ክዳን መለካት ዛሬውኑ ይቁም።

ሻማው ሲሸተት ጥሩ ነው፣ ሲበራ ግን ምንም አይሸትም

ይህ በጣም የተለመደው ቅሬታ ነው፤ በተሳሳተ መንገድ የሚታከመውም ይኸው ነው። ሠሪው ወዲያው መዓዛ ይጨምራል፤ ሻማው ግን አሁንም አይሸትም።

የመጀመሪያው ምክንያት የክሩ መቅጠን ነው። መዓዛ ወደ ክፍሉ የሚወጣው ከቀለጠው ሰም ላይ ነው። ክሩ ቀጭን ሆኖ የቀለጠው ክብ ትንሽ ከሆነ፣ ጠርሙስ ሙሉ ዘይት ብትጨምሩበትም ተቆልፎ ይቀራል። በገበያ የሚገኘው ለጧፍ የሚሆን ፈትል እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል። ያ ፈትል ለቀጭን ጧፍ የተመጠነ ነው፤ 7 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ብርጭቆ ውስጥ መሃሉን ብቻ ቆፍሮ ይወርዳል። ለብርጭቆ ሻማ የተጎነጎነና በሰም የተነከረ የጥጥ ክር ይሻላል። የተጎነጎነ ክር ሲነድ ጫፉ ወደ ጎን ስለሚጎነበስ ራሱን በራሱ ይጨርሳል፤ የተገመደው ግን ቀጥ ብሎ ከሰል ይሰበስባል።

ሁለተኛው ምክንያት ትዕግሥት ማጣት ነው። ሰምና መዓዛ እስኪዋሐዱ ጊዜ ይፈልጋሉ። ፓራፊን (ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኘው የተለመደው ሰም) ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን፣ የአኩሪ አተር ሰም ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ክዳኑ ተዘግቶ ጥላ ውስጥ መቆየት አለበት። ቅዳሜ ለሚደረግ ሠርግ ሐሙስ የአኩሪ አተር ሻማ ማፍሰስ አይቻልም፤ ደንበኛውን አስቀድሞ ማስረዳት ይሻላል።

ሦስተኛው ዘይቱ ራሱ ነው። ገላ ላይ የሚረጭ ሽቶ ለሻማ አይሆንም። አብዛኛው አልኮል ነው፤ አልኮል ከ80 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ በጋለ ሰም ውስጥ ሲገባ ተኖ ይጠፋል፤ እንፋሎቱም በቀላሉ እሳት ይይዛል። ለኬክ የሚሆነው የቫኒላ ጣዕም ደግሞ ውሃ ወይም አልኮል ያለበት በመሆኑ ከሰም ጋር ሳይዋሐድ ከሥር ይዘቅጣል። ለሻማ የተዘጋጀ የመዓዛ ዘይት ግዙ፤ ሻጩንም ለሻማ ይሆናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

መጠኑስ? ለብርጭቆ ሻማ ከሰሙ ክብደት ከ6 እስከ 10 በመቶ፤ 8 መነሻ ይሁን። 200 ግራም ሰም ማለት 16 ግራም ዘይት ነው። ሰሙን ወደ 80 ዲግሪ አካባቢ አድርሳችሁ ዘይቱን ጨምሩና ሁለት ደቂቃ ያህል በቀስታ አማስሉ። ሰም ሁልጊዜ የሚቀልጠው ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ በተቀመጠ የብረት ጆግ እንጂ በቀጥታ በእሳት ላይ አይደለም። አዳማም ሆነች ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ውሃ በ94 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚቀልጥ ሰም ከዚያ በላይ አይግልም። ይህ ለእኛ ጥሩ ልጓም ነው።

የንብ ሰም የምትጠቀሙ ከሆነ ሌላ ነገር ልብ በሉ። ሰሙ የራሱ የማር ጠረን ስላለው ሎሚን የመሰሉ ቀላል መዓዛዎችን ይሸፍናል፤ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዕጣንና ከርቤ ግን ያምሩበታል። የሚቀልጠውም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ስለሆነ ወፈር ያለ ክር ይጠይቃል።

መሃሉ ጉድጓድ ሆኖ ጠርዙ ሳይቀልጥ ይቀራል

ክሩ ቀጭን ነው፣ ወይም ደንበኛው መጀመሪያ ሲያበራው ቶሎ አጥፍቶታል። የመጀመሪያው ማብራት የቀለጠው ሰም ጠርዝ እስኪደርስ መቀጠል አለበት፤ መለኪያው ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲሜትር ስፋት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ለ7 ሳንቲሜትር ብርጭቆ ወደ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ይህን በመለያ ወረቀቱ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጻፉት፤ ደንበኛ ሊያውቀው አይችልም።

ክሩን ለመምረጥ ከመፈተን ውጪ መንገድ የለም። አንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ አንድ ዓይነት ሰም፣ አንድ ዓይነት መዓዛ አድርጉና ክሩን ብቻ በሦስት ውፍረት ለዩ። ሦስቱንም አራት ሰዓት አንድዱ። የቀለጠው ጠርዝ ደርሶ ጥልቀቱ ወደ 1 ሳንቲሜትር የሆነው ይመረጣል። ከዚያ የጠለቀ ከሆነ ክሩ ወፍሯል። ብርጭቆው ሰፊ ከሆነ አንድ ወፍራም ክር ከማስገደድ ሁለት መካከለኛ ክር ይሻላል። ፈተናውን መስኮት ተዘግቶ ብቻ አታድርጉት፤ ደንበኛችሁ እንደሚኖረው መስኮት በተከፈተበት ሳሎን ውስጥም አድርጉት። የነፋስ ሽውታ ነበልባሉን ወደ አንድ ጎን ስለሚገፋው አንዱ ጎን ይቀልጣል፣ ሌላው እንደ ግድግዳ ይቆማል። ይህን ያየ ሠሪ ክር መቀየር የለበትም፤ ሻማውን ከነፋስ ማራቅ ይበቃዋል።

የተጎደጎደውን ሻማ ለማዳን ከላይ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁና እኩል እስኪሆን አቅልጡት።

ጥቁር ጭስ፣ ብርጭቆው ላይ ጥላሸት

ክሩ ረዝሟል፣ ወፍሯል፣ ወይም ነፋስ እየመታው ነው። ከእያንዳንዱ ማብራት በፊት ክሩ ወደ 5 ሚሊሜትር ይቆረጥ። ተቆርጦም የሚያጨስ ከሆነ አንድ ደረጃ ወደ ቀጭን ክር ውረዱ። የመዓዛ ዘይቱ ከልክ ካለፈም ነበልባሉ ያጨሳል፤ ዘይት መጨመር ሁልጊዜ መዓዛ ማብዛት እንዳልሆነ የሚታየው እዚህ ነው።

ነበልባሉ ይንጣጣል፣ ይጠፋል

ፍንጥር ፍንጥር የሚል ከሆነ ሰሙ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ከድስቱ የሚነሳው እንፋሎት ጆጉ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ውሃው ዝቅ ያለ እሳት ላይ ይሁን፣ ጆጉንም ከማፍሰሳችሁ በፊት ከውጭ አድርቁት።

እየደከመ የሚጠፋ ከሆነ ክሩ ተደፍኗል። የተፈጨ ዕጣን፣ ቡና ወይም ቀረፋ ሰሙ ውስጥ መጨመር ያጓጓል፤ ዱቄቱ ግን ክሩን ይደፍነዋል። ከላይ ለጌጥ የሚደረደር የቡና ፍሬና የደረቀ አበባም ሊነድ ስለሚችል ከማሸጊያው ውጭ ይሁን። ያልተጣራ የንብ ሰምም ክሩን ይደፍነዋል፤ ከውሃ ጋር አቅልጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፣ ሲረጋ ከሥሩ የተጠራቀመውን ቆሻሻ በቢላ ፋቁ፣ ከዚያም በደንብ አድርቁት።

ሻማው ላብ ያወጣል፣ ይለሰልሳል

አዳማ ላይ ጎልቶ የሚታየው ችግር ይህ ነው። ላይ ላዩ የዘይት ጠብታ ካዩ ሁለት ነገር ይመርምሩ። ቤቱ ሳይሞቅም የሚያልብ ከሆነ ሰሙ መሸከም ከሚችለው በላይ ዘይት ገብቷል፤ ወደ 6 ወይም 7 በመቶ ውረዱ። ጠዋት ደረቅ ሆኖ ከሰዓት የሚያልብ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሙቀቱ ነው። ብዙዎቹ ለብርጭቆ የሚሠሩ የአኩሪ አተር ሰሞች ከ45 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣሉ። ፀሐይ ላይ የቆመና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ከ45 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ወደ ሆቴሎችና ሱቆች የምታደርሱት ጠዋት ይሁን፤ ዕቃው እስከ ማታ መኪና ውስጥ አይቆይ።

ሰሙን ለማጠንከር ከአኩሪ አተሩ ጋር ከ10 እስከ 20 በመቶ የንብ ሰም ቀላቅሉ። ለፓራፊን ከ5 እስከ 10 በመቶ ስቴሪክ አሲድ ይሆናል። ሰም በተቀየረ ቁጥር የክሩ ፈተና እንደገና ይጀመራል። አድካሚ ነው፣ ግን መዝለል አይቻልም።

መሃሉ ሰመጠ፣ ነጭ ነጭ አበቀለ፣ ከብርጭቆው ተላቀቀ

ፓራፊን ሲረጋ ስለሚኮማተር ክሩ አጠገብ ይሰምጣል። ገና ሳይጠነክር ዙሪያውን በቀጭን እንጨት ወጋ ወጋ አድርጉና ያስቀራችሁትን ሰም ሞቅ አድርጋችሁ ደግማችሁ አፍስሱ። በአኩሪ አተር ሰም ላይ የሚታየው ነጭ ውርጭ መሰል ነገር የሰሙ ጠባይ ነው፤ አነዳደዱን አይጎዳም። ቀለም ሳትጨምሩ ብትሠሩት እምብዛም አይታይም። ከብርጭቆው መላቀቁን ለመቀነስ ብርጭቆውን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ለብ አድርጋችሁ አፍስሱበት።

ብርጭቆው ተሰነጠቀ

እዚህ ላይ አልለሳለስም። የሻይ ብርጭቆ ርካሽና ቆንጆ ቢሆንም ለረጅም ነበልባል የተሠራ አይደለም። ሙቀት የሚችል ወፍራም ብርጭቆ ወይም ቆርቆሮ ተጠቀሙ፤ አዲስ ዓይነት ዕቃ ስትገዙ እስከ መጨረሻው አንድዳችሁ ሳታዩ አትሽጡ። ክሩን ከታች የሚይዘው ትንሽ ቆርቆሮ ከዕቃው ሥር መሃል ላይ ይጣበቅ። ሰሙ 1 ሳንቲሜትር ሲቀር መጥፋት እንዳለበትም መለያው ላይ ይጻፍ።

ይሸጣል፣ ትርፍ ግን የለም

መጀመሪያ መዓዛውን አስሉ። 200 ግራም ሰም ባለው ሻማ፣ በ8 በመቶ፣ ከአንድ ኪሎ የመዓዛ ዘይት 62 ሻማ ይወጣል። ወደ 10 በመቶ ከፍ ስትሉ 50 ብቻ ይሆናል። ክር በማስተካከል ሊፈታ የሚችል ችግር በዘይት ሲፈታ ከየኪሎው 12 ሻማ ይበላል። ከዚያ ብርጭቆውን፣ ክሩን፣ መለያውን፣ ካርቶኑን፣ የባጃጁን ሒሳብና የራሳችሁን ጉልበት ጨምሩ። ለፈተና የነደዱትም ሻማዎች ወጪ ናቸው፤ ዋጋ ውስጥ ይግቡ።

ክር የሌለው የመዓዛ ሰም

በትንንሽ ቁራጭ ተሠርቶ በማሞቂያ ላይ የሚቀልጠው ሰም ክር ስለሌለው ለጀማሪ ይቀላል፤ እስከ 10 በመቶ ዘይት ይሸከማል። ከቅርጽ ማውጫው አልወጣ ካለ ሰሙ ለስላሳ ነው፤ አሥር ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት፣ ለቀጣዩ ዙር የንብ ሰም ጨምሩበት። ስትነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ጠንክሯል ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆይቷል። የፕላስቲክ ማሸጊያ ላይ በቀጥታ የምታፈሱ ከሆነ ሰሙ ወደ 60 ዲግሪ ይውረድ፤ አለበለዚያ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

ትልቁ አደጋ ግን ከአሠራሩ ሳይሆን ከአጠቃቀሙ ይመጣል። በየቤታችን መዓዛ ማለት ዕጣን ነው፤ ዕጣን ደግሞ የሚጨሰው ፍም ላይ ነው። ቁራጩን ያየ ሰው ማጨሻው ላይ ቢጥለው ሊደንቀን አይገባም። ፍም ላይ የወደቀ ሰም ቀልጦ ይነዳል። ስለዚህ «ፍም ላይ አይደረግም፤ በሰም ማሞቂያ ብቻ» የሚለው ከስሙ ቀጥሎ በትልቁ ይጻፍ፣ በቃልም ይነገር። የሚነድ ሰም ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ይረጨዋል። ስታቀልጡ ሰሙ እሳት ከያዘ ምድጃውን አጥፉ፣ ጆጉን ሳታንቀሳቅሱ በክዳን ግጠሙት፣ እስኪቀዘቅዝም አትክፈቱት። ያ ክዳን ሰም በሚቀልጥበት ጊዜ ሁሉ በእጃችሁ አጠገብ ይሁን።