የእንግሊዞችን ክላሲካል ሙዚቃ በፒያኖ ስትጫወቱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መካከለኛ ደረጃ ለደረሰ የፒያኖ ተማሪ የሚዘጋጁ የእንግሊዝ ሙዚቃ መጻሕፍትን ስትገልጡ ደጋግማችሁ የምታገኟቸው ሥራዎች አሉ። የኤልጋር «ኒምሮድ»፣ የሆልስት «ጁፒተር»፣ የፐርሰል የዳይዶ ሙሾ፣ የሄንደል «የንግሥተ ሳባ መምጣት»። አንዳቸውም መጀመሪያ ለፒያኖ አልተጻፉም። የኦርኬስትራና የድምፃዊ ሥራዎች ናቸው። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ድምፁን በቀስቱ እየሳበ ያቆየዋል፤ ከፈለገም ያሳድገዋል። የፒያኖ ድምፅ ግን ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ ነው የሚሄደው። ከታች የማነሳቸው አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

«ኒምሮድ»ን ማንቀርፈፍ

ይህኛው ስህተት በጣም የተለመደ ነው። «ኒምሮድ» እ.ኤ.አ. በ1899 ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው የ«ኢኒግማ ቫሪዬሽንስ» ዘጠነኛ ክፍል ነው። ኤልጋር የጻፈው በሕይወት ለነበረ ወዳጁ ለአውጉስት ዬገር ነው። ዛሬ ግን በየዓመቱ ለንደን ኋይትሆል ላይ በሚካሄደው የጦርነት ሰለባዎች መታሰቢያ ስለሚሰማ፣ ብዙ ሰው የለቅሶ ሙዚቃ አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ ያንቀረፍፈዋል።

አሜሪካዊው የኦርኬስትራ መሪ ሊዮናርድ በርንስታይን በ1982 ከቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ሲቀዳው ከ5 ደቂቃ በላይ ወስዶበታል። ኤልጋር ራሱ በ1926 የመራው ቅጂ ግን 3 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በርንስታይን ያን ያህል መዘግየት የቻለው ድምፁን የሚሸከሙለት ብዙ ቀስቶች ስለነበሩት ነው። እናንተ ያላችሁ አሥር ጣት ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ከኤልጋር ጋር ነኝ፤ በፒያኖ ደግሞ ምርጫም ያለ አይመስለኝም። ኖታው ላይ የሰፈረው ፍጥነት በደቂቃ 52 ምት ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ አንዱን ረጅም ኖታ ተጫወቱና ጆሯችሁን ስጡት። ቀጣዩ ከመምጣቱ በፊት ድምፁ ከጠፋ ዘግይታችኋል ማለት ነው።

እዚያው ላይ ሌላም አለ። ሙዚቃው የሚጀምረው እጅግ ዝግ ባለ ድምፅ፣ በሦስት «ፒ» (ppp) ነው። ብዙ ተማሪ ግን ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ስሜት ውስጥ ገብቶ ይጮኻል። ያኔ ወደ መጨረሻው ከፍታው ሲመጣ የሚጨምረው ነገር አይኖረውም። ከፍታው ራሱ ብዙም አይቆይም። በጥቂት ባር (ኖታው በቋሚ ሰረዝ የሚከፈልባቸው ክፍሎች) ውስጥ ድምፁ ተመልሶ ይወርዳል። ጉልበታችሁን ለዚያች አጭር ቦታ አቆዩት።

ፔዳሉን ረግጦ መርሳት

ድምፁ እንዳይሞት በሚል ሰበብ እግራችን ፔዳሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ውጤቱ ዝብርቅርቅ ያለ ድምፅ ነው። ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ኖታዎች) በተቀየረ ቁጥር ፔዳሉን ቀይሩ። ግራ እጃችሁ ታች ያለውን ባስ (ወፍራሙን ድምፅ) መትቶ ወደ ላይ የሚዘል ከሆነ ደግሞ፣ ጣታችሁ ቁልፉን ሳይለቅ በፊት ፔዳሉ ባሱን መያዝ አለበት። ለአንድ ሰከንድ ክፍልፋይ እንኳ ከዘገየ ባሱ ይጠፋል፤ ሙዚቃው መሠረት ያጣል።

ኮርዱን በሙሉ እኩል መምታት

የ«ጁፒተር» መካከለኛ ዜማ እንግሊዞች እንደ መዝሙር የሚዘምሩት ነው። «ጁፒተር» አንዱ ክፍሉ የሆነው የሆልስት «ዘ ፕላኔትስ» በ1918 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ፤ በ1921 ደግሞ ለዚህ ዜማ ግጥም ገባለት። በፒያኖ ዝግጅቶች ውስጥ ዜማው ብዙ ጊዜ የቀኝ እጅ ኮርድ አናት ላይ ነው የሚቀመጠው። ማለትም በደካሞቹ ጣቶች፣ በአራተኛውና በትንሿ። አውራ ጣት ጠንካራ ስለሆነ የማይፈለገው የውስጥ ድምፅ ጎልቶ ይወጣል፤ ዜማው ይዋጣል።

መድኃኒቱ አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። የላይኛውን ኖታ ጠለቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ የቀሩትን የኮርዱን ኖታዎች በዚያው እጅ አጠር አድርጋችሁ፣ ነካ ብቻ አድርጋችሁ ልቀቋቸው። አራት ባር ያህል እንዲህ ተለማመዱና ከዚያ እንደ ተጻፈው ተጫወቱት። እጃችሁ የክብደቱን አቅጣጫ ይይዛል።

ባሱ ባለቀበት አብሮ መተንፈስ

ፐርሰል በ1695 በ36 ዓመቱ ሲሞት ትቶልን ከሄደው ሁሉ እኔ የማስቀድመው «ዳይዶ እና ኤኒያስ» በተባለው ኦፔራው ውስጥ ንግሥት ዳይዶ የምትዘምረውን ሙሾ ነው። ግራ እጅ አንድ የአምስት ባር ባስ ይደጋግማል። ከሶል ተነስቶ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፦ ፋ ሻርፕ፣ ፋ፣ ሚ፣ ሚ ፍላት፣ ሬ። ከዚያ ሶል ላይ ያርፋል፤ እንደገና ይጀምራል።

ተማሪው ባሱ ባለቀ ቁጥር ቀኝ እጁንም አብሮ ያቆማል። የፐርሰል ጥበብ ደግሞ ያለው እዚያ ላይ ነው። የድምፃዊቷ ሐረጎች ከባሱ ጋር አብረው አያልቁም። ባሱ ሲዘጋ እሷ ገና ዓረፍተ ነገሯ መሃል ልትሆን ትችላለች። ሁለቱን ካስታረቃችኋቸው ሐዘኑ በቁራጭ በቁራጭ ይቀርባል። ስለዚህ ዜማውን መጀመሪያ በአፋችሁ ዘምሩት። የት እንደምትተነፍሱ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ግራ እጁን ጨምሩ።

«አስታውሺኝ» የምትልበት ቦታ ላይ ሬን እየደጋገመች ነው የምትዘምረው። ፒያኖ ላይ ይህ በቀላሉ የመዶሻ ድምፅ ይሆናል። ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሳይመለስ ደግማችሁ ተጫኑት።

«የንግሥተ ሳባ መምጣት»ን ማቅለጥ

ስሙን ሲሰማ ማክዳን የማያስብ አበሻ የለም። ሙዚቃው ግን የተረጋጋ የንግሥት ሰልፍ አይደለም፤ በ1749 የቀረበው «ሰለሞን» የተባለው የሄንደል ኦራቶሪዮ (ያለ ትወና የሚዘመር ትልቅ ሥራ) ሦስተኛው ክፍል የሚከፈትበት ፈጣን ደስታ ነው። ፈጣን ስለሆነም ሁሉም ይሮጥበታል፤ ፔዳል ይጨምርበታል። ፔዳሉን እርሱት ማለት ይቻላል። ሁለቱ ኦቦዎች (የትንፋሽ መሣሪያዎች) ለቫዮሊኖቹ መልስ የሚሰጡበትን ቦታ ለዩና ድምፃችሁን እዚያ ላይ ቀንሱ። ፍጥነቱን ጣታችሁ ሁሉንም ኖታ አጥርቶ እስኪያወጣ ድረስ አትጨምሩ።

ሽፋኑን ማመን

መጽሐፉ ሽፋን ላይ የሚጻፈው «መካከለኛ» የሚለው ቃል ከአሳታሚ አሳታሚ ይለያያል። ከመግዛታችሁ በፊት የግራ እጁን ዝላይና የኮርዶቹን ስፋት እዩ። እጃችሁ የማይደርስበት ኮርድ ካለ ከውስጡ አንድ ኖታ መተው ነውር አይደለም። ዜማውንና ባሱን ብቻ አትንኩ። «ኒምሮድ»ን ወደ ዶ ሜጀር ያወረዱ ዝግጅቶችን ግን አልመክርም። ሦስቱ ፍላቶች ለጣት ይመቻሉ፤ ቀለሙም የሚኖረው ከእነሱ ጋር ነው።

ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ የምትለማመዱ ደግሞ የ«ኒምሮድ»ን የታችኛውን ሚ ፍላት ላታገኙት ትችላላችሁ። አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጋችሁ ተጫወቱት። ቁልፎቹ ክብደት ከሌላቸውም ያንን ሦስት «ፒ» እዚያ ላይ አትፈልጉ። ኪቦርዱ ላይ ኖታውንና ጣታችሁን አስተካክሉ፤ ድምፁን ግን በሳምንት አንዴም ቢሆን እውነተኛ ፒያኖ ባለበት ቦታ ሄዳችሁ ሥሩት።