ከደጋ ወደ ባሕር ዳር ለምትዛወሩ

ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከአዲስ አበባ በሥራ ዝውውር ወደ ባሕር ዳር የምትመጡ ካላችሁ፣ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ጠዋት ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ግን ምጣድ ነው። ስለዚህ ቤቱን ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ እዩት፤ ደላላው ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። ግቢው ውስጥ ማንጎ ወይም ሌላ ጥላ ያለው ዛፍ ካለ ትንሽ ጨምሮ መከራየት ያዋጣል ባይ ነኝ።

ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ። ልዩነቱ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይታወቃችኋል። ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ 1 ወይም 2 ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያው ከባዱን ሥራ በጠዋት ጨርሱ፣ ውሃም ሳይጠማችሁ ጠጡ።

ማታ መስኮት መክፈታችሁ አይቀርም፤ ያኔ አጎበር የግድ ነው። የደጋ ሰው "ያፍነኛል" ይላል፤ ወባ ግን ቀልድ አያውቅም፣ ለበሽታው እንግዳ በሆነ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ጠርዙን ፍራሹ ስር በደንብ አስገቡት፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ ዋጋ የለውም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ "አየሩ ነው" ብላችሁ አትቆዩ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ።

ሙቀቱን ላብርድ ብላችሁ ጣና ዳር ውሃው ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ የሚባል ከውሃው የሚይዝ በሽታ አለ። ጋቢያችሁን ግን ይዛችሁ ኑ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል።