«ልጅቷ እውነት ናት?» ከጦርነት መሀል የመጣ የልጅ ድምፅ እንዴት ይጣራል

ስልካችሁን ትከፍታላችሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ከፈረሰ ቤት ፊት ቆማ «ዛሬ ሌሊቱን ላናድር እንችላለን» ትላለች። ኮሜንቱ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ግማሹ ያለቅሳል። ግማሹ «ፌክ ነው፣ አስጠንተዋት ነው» ይላል። ለማጣራት አምስት ደቂቃ ያጠፋ ሰው ግን አይታይም።

እኔ ሁለቱንም ሆኜ አይቻለሁ። በ2014 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ጀግናው የሶሪያ ልጅ» የተባለ ቪዲዮ ዩቲዩብን አጥለቅልቆት ነበር። አንድ ልጅ ጥይት እየተተኮሰበት ሮጦ ሄዶ አንዲት ልጅ ያድናል። እንባዬ እየመጣ ሼር አደረግኩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ላርስ ክሌቭበርግ የተባለ ኖርዌያዊ ዳይሬክተር ወጣና ቪዲዮው ማልታ ላይ በተዋንያን የተቀረፀ መሆኑን ተናገረ። እውነተኛ አስመስለው የለቀቁት ሆን ብለው ነበር። ውይይት ለመቀስቀስ ነው አሉ። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ ከጦርነት ቦታ የሚናገር ልጅ ባየሁ ቁጥር «ይሄም ትወና ነው» ማለት ጀመርኩ። በፊት ሁሉን አምን ነበር፣ ቀጥሎ ሁሉን ካድኩ። በሁለቱም ጊዜ ያጣራሁት ነገር አልነበረም።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው ስልክ፣ ኢንተርኔትና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

1. ጥያቄውን በትኑት

«እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብላችሁ ከጀመራችሁ የትም አትደርሱም። በዚህ አንድ ጥያቄ ውስጥ ቢያንስ አራት ጥያቄ ተደብቋል። ልጁ በእርግጥ አለ? ያለው እዚያው አለሁ በሚልበት ቦታ ነው? የሚጽፈው እጅ የማን ነው? ሐሳቡስ የማን ነው? የአንዱ መልስ «አዎ» ሆኖ የሌላው «አይደለም» ሊሆን ይችላል። ኮሜንት ላይ የሚጣሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጣሉት አንዱ ስለ መጀመሪያው፣ ሌላው ስለ መጨረሻው ጥያቄ እያወራ ነው።

ለዚህ ከባና አላቤድ የተሻለ ምሳሌ የለም። በመስከረም 2016 የሶሪያዋ ምሥራቅ አሌፖ በከበባ ውስጥ እያለች በሰባት ዓመቷ ባና ስም የትዊተር አካውንት ተከፈተ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነበር። ተከታዮቿ በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶ ሺዎች ተቆጠሩ። ተጠራጣሪዎቹም አብረው በዙ። «እንዲህ ያለች ልጅ የለችም» አሉ። «ብትኖርም አሌፖ አይደለችም» አሉ። «የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ እንግሊዝኛ አትጽፍም» አሉ። «በከበባ ውስጥ ኢንተርኔት ከየት መጣ?» አሉ።

ቤሊንግካት የተባለው የመርማሪዎች ቡድን በታኅሣሥ 2016 ነገሩን አንድ በአንድ አየው። በቪዲዮዎቿ የሚታዩትን ሕንፃዎች ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያየ። ልጅቷ አለች፣ ያለችውም ምሥራቅ አሌፖ ነው ሲል ደመደመ። ጽሑፉ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም። እናቷ ፋጡማ እንግሊዝኛ ታውቃለች። አካውንቱን እናት እንደምታስተዳድረው ራሱ ፕሮፋይሉ ላይ ተጽፎ ነበር። ስለዚህ «ልጅቷ እውነት ናት?» ለሚለው መልሱ አዎ ነው። «እያንዳንዱ ቃል ከእሷ አፍ ነው የወጣው?» ለሚለው አይደለም። ሁለቱን መልሶች አንድ ላይ መያዝ የከበደው ሕዝብ ለወራት ሲሰዳደብ ከረመ።

2. ምስሉ ከየት እንደመጣ ፈልጉ

ይሄ ቀላሉ ሥራ ነው፤ አብዛኛው ውሸትም እዚሁ ይያዛል። ፎቶውን ምስል በምስል በሚፈልጉ ገጾች፣ ማለትም ጎግል ሌንስ፣ ቲንአይ ወይም ያንዴክስ ላይ አስገቡት። ቪዲዮ ከሆነ ሦስት አራት ቦታ ላይ አቁማችሁ ስክሪንሾት አንሱና ያንኑ ፈልጉ። የምትፈልጉት ያው ምስል ከዚህ በፊት ወጥቶ እንደሆነ ነው።

የዩክሬን ጦርነት በየካቲት 2022 ሲሰፋ አንዲት ትንሽ ልጅ ወታደር ላይ ስትጮህ የሚያሳይ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ሚሊዮኖች አዩት። «ዩክሬናዊቷ ልጅ የሩሲያን ወታደር ስትጋፈጥ» ተባለ። ቪዲዮው ግን የ2012 ነበር። ልጅቷ ፍልስጤማዊት፣ ወታደሩ እስራኤላዊ፣ ቦታው ዌስት ባንክ ነው። ምስሉ አልተቀነባበረም፣ ልጅቷም አልተወነችም። የዋሸው ካፕሽኑ ነው።

ካፕሽን ሲዋሽ ሁልጊዜ እንዲህ በግልጽ አይደለም። አንዳንዴ እያበጠ ነው የሚሄደው። በየካቲት 2014 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ሠራተኞች አንድ የአራት ዓመት ሶሪያዊ ልጅ ወደ ዮርዳኖስ ሲሻገር አገኙ። ልጁ ከቤተሰቡ ለጥቂት ጊዜ ነበር የተለየው። ፎቶው ከሰው ወደ ሰው ሲዞር «ብቻውን በረሃ ያቋረጠ ሕፃን» ሆነ። ቤተሰቦቹ ከፎቶው ክፈፍ ውጪ፣ ትንሽ ወደፊት ነበሩ። እና ፎቶ ስታዩ «ከጠርዙ ውጪ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላ ሰው ከሌላ አቅጣጫ ያነሳው ካለ ያንን ፈልጉ።

3. ድምፁን ለብቻው አድምጡ

ሰው ዓይኑን አምኖ ጆሮውን ይረሳል። ቲክቶክ ላይ ከቪዲዮው ግርጌ የድምፁን ስም ብትጫኑት በዚያው ድምፅ የተሠሩ ሌሎች ቪዲዮዎችን ያሳያችኋል። አንድ የልጅ ለቅሶ በብዙ የተለያዩ ቪዲዮዎች ላይ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። በ2022 በአንዳንድ የዩክሬን ቪዲዮዎች ላይ የተለጠፈው የፍንዳታ ድምፅ በ2020 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ የተቀረፀው ሆኖ ተገኝቷል።

አሁን ደግሞ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መጣ። የልጅ ድምፅ ማስመሰል ቀላል ሆኗል። ኤአይ የሠራውን ለመያዝ ጣት መቁጠርና ጥርስ ማየት ድሮ ይሠራ ነበር፤ አሁን ብዙም አልመካበትም። ይልቅ ቪዲዮው ከሌላ ነገር ጋር ይያያዝ እንደሆነ እዩ። ያው ልጅ በሌላ ቀን፣ በሌላ ብርሃን፣ በሌላ ሰው ስልክ ታይቷል? እውነተኛ ልጅ ጎረቤት አለው፣ ጸጉሩ ያድጋል፣ ልብሱ ይቆሽሻል። ከአንድ የአሥር ሰከንድ ቪዲዮ በቀር በዓለም ላይ ምንም ዱካ የሌለው ልጅ ካጋጠማችሁ ለማመን አትቸኩሉ።

4. የአካውንቱን ዕድሜ እዩ

አካውንቱ መቼ ተከፈተ? ቀድሞ ስሙ ሌላ ነበር? የመጀመሪያዎቹ ፖስቶች ስለ ምንድን ናቸው? ስለ እግር ኳስ ሲለጥፍ የኖረ አካውንት ድንገት «የተከበበች ልጅ» ከሆነ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል። የጠፉ ፖስቶችን የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ ፈልጉ። አዲስ መሆኑ ብቻውን ግን ወንጀል አይደለም። የባናም አካውንት አዲስ ነበር። ከበባ ያልገጠመው ልጅ ለምን ስለ ከበባ አካውንት ይከፍታል?

5. እጅና ሐሳብን ለዩ

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ነው።

አዋቂ ከጀርባ መኖሩ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ብዙዎቹ መድረኮች ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካውንት እንዲከፍት አይፈቅዱም። ስለዚህ የትንሽ ልጅ አካውንት ካለ አዋቂ መኖሩ የግድ ነው። ማላላ ዩሳፍዛይን አስታውሱ። በ2009 መጀመሪያ ታሊባን የፓኪስታንን ስዋት ሸለቆ ሲቆጣጠር የ11 ዓመት ልጅ ሆና ለቢቢሲ የኡርዱ ክፍል ማስታወሻ ትጽፍ ነበር። ስሟ አልወጣም፤ «ጉል መካይ» በሚል የብዕር ስም ነበር። ጽሑፉን ተቀብሎ ለሕትመት ያደረሰው ጋዜጠኛ ነው። የሐሰት ስም፣ የአዋቂ እጅ፣ የማይታይ ፊት። ዛሬ ቢሆን ኮሜንት ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ «ፌክ» ይሏት ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ ፊቷ የሚታይ፣ በገዛ አንደበቷ የተናገረች ልጅ ልታሳስት ትችላለች። ኢራቅ ኩዌትን ወርራ ሳለች፣ በጥቅምት 1990፣ ናይራ ብቻ ተብላ የተዋወቀች የ15 ዓመት ኩዌታዊት አሜሪካ ውስጥ በኮንግረስ አባላት ፊት መሰከረች። የኢራቅ ወታደሮች ሕፃናትን ከማሞቂያ ሣጥን እያወጡ ወለል ላይ ጥለዋል አለች። ፕሬዚዳንት ቡሽ ታሪኩን ደጋግመው ተናገሩት። በጥር 1992 ልጅቷ አሜሪካ የነበረው የኩዌት አምባሳደር ልጅ መሆኗ ታወቀ። ምስክርነቱን ያዘጋጀው ሂል ኤንድ ኖልተን የተባለ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ነበር። የወታደሮቹም ታሪክ ማስረጃ አልተገኘለትም። ያኔ ማህበራዊ ሚዲያ አልነበረም፤ ዘዴው ግን ያው ነው።

ታዲያ እንዴት እንለይ? ቋንቋው ይረዳል፣ ግን ብዙ አትተማመኑበት። ልጅ ስለ ጥርሱ፣ ስለ መጫወቻው፣ ስለ እንቅልፉ ያወራል፤ ነገር ይዘላል፣ ይደጋግማል። ስለ ድርድርና ስለ ውሳኔ ሐሳብ የሚናገር የስድስት ዓመት ልጅ ከሆነ ከጎኑ አንድ ሰው አለ ማለት ነው። ነገር ግን ጦርነት ውስጥ ያደገ ልጅ የአዋቂ ቃል ቶሎ ይለምዳል። የአውሮፕላኑን ዓይነት በድምፁ ይለያል። ደግሞ ትርጉም የልጅን መኮላተፍ ያስተካክለዋል። እናት የልጇን ዐረብኛ በእንግሊዝኛ ስትጽፈው ዐሥር የተዘበራረቀ ቃል አንድ የተወለወለ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። የሚቻላችሁ ከሆነ ልጁ በገዛ ቋንቋው የተናገረበትን ቪዲዮ ፈልጉና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አሰሙ። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌ ነበር። የግርጌ ጽሑፉ ለዓለም መሪዎች ጥሪ ያቀርባል፤ ልጁ ግን ያለው «ድመቴ ጠፋች» ነው።

6. ማን እንደደበቀና ማን እንደሚበላበት ጠይቁ

በየካቲት 2025 ቢቢሲ ስለ ጋዛ ልጆች የሠራውን ዘጋቢ ፊልም በቀናት ውስጥ ከገጹ አወረደው። ተራኪው የ13 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ በሐማስ አስተዳደር ምክትል የግብርና ሚኒስትር እንደሆነ ለተመልካች አልተነገረም ነበር። በሐምሌ የወጣው የውስጥ ምርመራ አባትየው በፊልሙ ይዘት ላይ ተጽዕኖ ለማድረጉ ማስረጃ አላገኘም። ሆኖም አለመነገሩ የጣቢያውን መመሪያ ይጥሳል አለ። እኔም እዚህ ላይ ነው የምቆመው። «የእገሌ ልጅ ነኝ፣ የሚጽፍልኝ እናቴ ናት» ብሎ የጀመረ አካውንት የሚደብቀው ትንሽ ነው። መጠርጠር ያለብን ሲደበቅ ነው።

ገንዘቡንም ተከተሉት። በ2022 ቢቢሲ በሰሜን ምዕራብ ሶሪያ መጠለያዎች ልጆች በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ለሰዓታት ሲለምኑ አገኘ። ስልኩን የሚያቀርቡት ደላሎች ናቸው። ጋዜጠኞቹ ለሙከራ የ106 ዶላር ስጦታ ላኩ። አካውንቱ ላይ የደረሰው 33 ዶላር ነው። ገንዘብ ሲወጣና ደላላው ድርሻውን ሲያነሳ ለቤተሰብ የሚተርፈው 19 ዶላር ሆነ። ልጆቹም ችግሩም እውነት ናቸው። የልመናውን ቃል የመረጠው ግን ሌላ ሰው ነው።

7. ያገኛችሁትን ሁሉ አትለጥፉ

ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከመስኮቱ ውጪ ያለውን የመስጊድ ሚናሬት ከሳተላይት ጋር አስተያይታችሁ የልጁን ቤት ካገኛችሁ፣ ያንኑ መንገድ ተከትሎ ቦምብ የያዘውም ያገኘዋል። «አረጋግጫለሁ» ማለት ይበቃል። ካርታ አትለጥፉ። የመንገድ ስም አትጥቀሱ። ቤተሰቡን «እውነት ከሆናችሁ ውጡና ቅረፁ» ብላችሁ በውስጥ መልእክት አትወጥሯቸው። በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጅ ሐሳቡ እንዲሰማለት ያዛል። በአንቀጽ 16 ደግሞ ግላዊ ሕይወቱ እንዲጠበቅ። ሁለቱ በአንድ ፖስት ላይ ሲጋጩ እኔ ለአንቀጽ 16 ነው የማደላው።

8. የምታውቁትን ያህል ጻፉ

ሼር ካደረጋችሁ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ልጅቷ መኖሯና ቦታው ተረጋግጧል፣ የምትጽፈው እናቷ ናት» ወይም «ቪዲዮው የቆየ ነው»። ምንም ማረጋገጥ ካልቻላችሁ ለአንድ ቀን ዝም በሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? «ፌክ» ብላችሁ ለመጻፍም ያው ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እያልን ስላደግን ነው መሰለኝ የልጅን ቃል መጣል ይቀለናል።

ከተሳሳታችሁ ደግሞ ፖስቱን በዝምታ አታጥፉት፤ ያዩት ሰዎች እንዳመኑ ይቀራሉ። የእኔ የ2014 ፖስት እስካሁን አለ። ከላዩ «ይህ ማልታ ላይ የተቀረፀ ትወና ነው» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከስሩ አሁንም አልፎ አልፎ እያለቀሰ ኮሜንት የሚያደርግ ሰው ይመጣል።