«ተገናኝቷል» እያለ ዝም የሚል ሶኬት፦ ችግርና መፍትሄ

ሶኬት ፕሮግራም በኔትወርክ ከሌላ ፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት ጫፍ ነው። ግንኙነት ሲበላሽ መጀመሪያ የሚታዩትን ፒንግ፣ ፖርትና ፋየርዎል አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ሰርቨሩን አጥፍታችሁ ወዲያው ስታስነሱት ባይንድ (ሶኬቱን ከአድራሻና ፖርት ጋር የሚያስረው ጥሪ) «አድራሻው ተይዟል» ካለ ምክንያቱ ታይም ዌይት ነው፤ የተዘጋ ግንኙነት ፖርቱን ለጊዜው ይዞ የሚቆይበት ሁኔታ። ሊኑክስ ላይ 60 ሰከንድ ይቆያል። ከባይንድ በፊት ሪዩዝ አድሬስን (አድራሻውን መልሶ መጠቀም የሚፈቅደውን የሶኬት ቅንብር) አብሩ፣ አለቀ።

ፕሮግራሙ ትንፍሽ ሳይል ከሞተ በተዘጋ ሶኬት ላይ ጽፋችሁ ሲግፓይፕ የሚባለው የሲስተም ምልክት ገድሎት ይሆናል። ሴንድ (ዳታ የሚልከው ጥሪ) ላይ ምልክቱን የሚያስቀረውን ኤምኤስጂ ኖሲግናል ጨምሩ።

መልእክት አንዳንዴ ተቆርጦ ከመጣ ሪሲቭ (ዳታ የሚቀበለው ጥሪ) የጠየቃችሁትን ያህል የመስጠት ግዴታ የለበትም። እስኪሞላ በሉፕ አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው። ፕሮግራሙ አልሞተም፣ ስህተት አልጻፈም፣ ግን ዳታ የለም። ሪስታርት ሲደረግ ይሰራል። ለገጣፎ ሂዱ፣ ሰበታ ሂዱ፣ ኮዬ ፈጬ ሂዱ፣ ያው ነው። ባለቤቱ «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ሲም ይቀይራል።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከመብራት ነው። መብራት ብልጭ ሲል ራውተሩ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ ግን ዩፒኤስ ላይ ስለሆነ አይነካም። ራውተሩ ሲነሳ የናት ሰንጠረዡ (የትኛው ግንኙነት የየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ የሚመዘግብበት) ባዶ ነው። የድሮውን ግንኙነት አያውቀውም። ግንኙነት መዘጋቱን የሚናገሩትን ፊንም ሪሴትም የላከ የለም፣ ስለዚህ ሪሲቭ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እስከ መቼ? ታይምአውት ካልሰጣችሁት ለዘላለም።

ሰበታ መንገድ ላይ ያለ አንድ መጋዘን ቅዳሜ መብራት ሄዶ መጣ፤ ሰኞ ጠዋት ስደርስ ኤስኤስ የሚባለው የግንኙነቶችን ዝርዝር የሚያሳይ ትእዛዝ አሁንም «ኢስታብ» (ተገናኝቷል) ይለኛል። ከማን ጋር? ሰርቨሩ እኮ ገና ቅዳሜ ዘግቶታል! ቱሉ ዲምቱ ደግሞ አንዱ በየሰዓቱ ፕሮግራሙን የሚገድል ክሮን (በተወሰነ ሰዓት ራሱ የሚነሳ ትእዛዝ) አስገብቶ «ተስተካከለ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሏል። እንዲህ አይነቱን ጥገና ተዉት በቃ።

መፍትሄው ኪፕአላይቭ ነው፦ ግንኙነቱ ዝም ሲል ሌላው ወገን አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የሶኬት ቅንብር። ግን ማብራት ብቻ አይበቃም፤ ሊኑክስ መጠየቅ የሚጀምረው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ኪፕአይድልን (ከመጠየቁ በፊት ያለውን ዝምታ) 60 ሰከንድ፣ ኢንተርቫሉን (በጥያቄዎች መካከል ያለውን ጊዜ) 10 ሰከንድ፣ ካውንቱን (የጥያቄውን ብዛት) 5 አድርጉ። 2 ደቂቃ ሳይሞላ ሪሲቭ ስህተት ይመልሳል።

ተጠንቀቁ፣ የላካችሁት ዳታ ማረጋገጫ ሳያገኝ ከተንጠለጠለ ኪፕአላይቭ አይሰራም። ሊኑክስ 15 ደቂቃ ገደማ ደጋግሞ ይሞክራል። እሱን የሚያሳጥረው ዩዘር ታይምአውት የሚባለው የሶኬት ቅንብር ነው።

ኮኔክት (ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ጥሪ) ሲከሽፍ የድሮውን ሶኬት ክሎዝ አድርጉና አዲስ ፍጠሩ። ክሎዝ ከረሳችሁ አንድ ፕሮግራም ለሚከፍታቸው ፋይሎችና ሶኬቶች የተለመደው የ1024 ገደብ ሞልቶ ሶኬት መፍጠርም ያቅታችኋል። ኤርኖንም (የስህተቱ ቁጥር የሚቀመጥበትን) ወዲያው ያዙት፣ መሀል ላይ የገባ ፕሪንትኤፍ ሊቀይረው ይችላል።

ለመሞከር ፕሮግራሙ ተገናኝቶ ዳታ በመጠበቅ ላይ እያለ ራውተሩን ንቀሉና ሰዓት ያዙ። 2 ደቂቃ አልፎም ዝም ካለ እነዚህን ቅንብሮች የሚያስገባው ሴትሶክኦፕት ምን እንደመለሰ ተመልከቱ፤ አብዛኛው ሰው አያየውም።