በሲሪያል ድራይቨሮች ውስጥ የተደጋገመን ኮድ በከርነሉ የጋራ ፋንክሽን እንዴት መተካት ይቻላል

በሊነክስ ከርነል (በስርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ ያለ ሲሪያል ድራይቨር፣ ማለትም መረጃን ቢት በቢት የሚያስተላልፍን ፖርት የሚያሠራ ኮድ፣ ባይት በላከ ቁጥር ሁለት ሥራ ይጠበቅበታል፤ የማስተላለፊያ በፈሩን (ለመላክ የሚጠባበቁ ባይቶች የሚቀመጡበትን ቦታ) ጅራት፣ ማለትም ቀጥሎ የሚላከውን ባይት የሚያመለክተውን ጠቋሚ፣ ወደፊት ማራመድና የተላኩትን ባይቶች የሚመዘግበውን ቆጣሪ ማሳደግ። ለዓመታት እያንዳንዱ ድራይቨር እነዚህን ሁለት መስመሮች ለየራሱ ይጽፍ ስለነበር አንዱን ጽፎ ሌላውን መዘንጋት ቀላል ነበር። ለኤንቪዲያ ቴግራ ቺፖች የተጻፈው ድራይቨር በዲኤምኤ (ሃርድዌሩ ከማህደረ ትውስታ ራሱ በሚያነብበት ዘዴ) የላከውን በትክክል ሳይቆጥር ቆይቶ፣ ስህተቱ የታረመው በ2022 ሁለቱን ሥራዎች አንድ ላይ የሚሠራው «ዩአርት ኤክስሚት አድቫንስ» (uart_xmit_advance) የተባለ ፋንክሽን ሲመጣ ነው። ከዋናው ከርነል ውጭ የራስዎን ድራይቨር የሚይዙ ከሆነና የሚሠሩት ከ6.1 እስከ 6.9 ባሉት ከርነሎች ላይ ከሆነ፣ ይህንኑ ለውጥ እንደሚከተለው ማድረግ ይችላሉ።

በመጀመሪያ የበፈሩ ጅራት የሚቀየርባቸውን መስመሮች በሙሉ በጊት ግሬፕ የፍለጋ ትእዛዝ ይፈልጉ። የዲኤምኤ ማጠናቀቂያውንና ማስተላለፍ የሚቆምበትን መንገድ ሳያዩ አይለፉ፤ ቆጠራው የሚዘነጋው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

ቀጥሎ ጅራቱን የሚያራምደውን መስመር ከነቆጣሪው ይሰርዙና በቦታው ፋንክሽኑን ይጥሩ፤ የሚሰጡትም ፖርቱንና በእርግጥ የተላኩትን ባይቶች ብዛት ነው። የድሮው ቆጣሪ ከቀረ እያንዳንዱ ባይት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በዲኤምኤ ጊዜ ብዛቱ ለመላክ የታሰበው ሳይሆን ሃርድዌሩ ልኬዋለሁ ያለው መሆን አለበት፤ ጥሪውም የፖርቱ ሎክ (ሁለት የኮድ ክፍሎች ፖርቱን በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚከለክለው ቁልፍ) በተያዘበት ቦታ ይሁን።

«ኤክስ ካር» የሚባለውን የፍሰት መቆጣጠሪያ ባይት ግን አይንኩ። እርሱ ከበፈሩ ስለማይወጣ ቆጣሪው ብቻ እንደ ቀድሞው በ1 ያድጋል፤ በስህተት አዲሱን ፋንክሽን ቢጠሩለት ያልተላከ አንድ የተጠቃሚ ባይት ይጠፋል። በተመሳሳይ፣ በበፈሩ ውስጥ ከ256 ያነሱ ባይቶች ሲቀሩ ጸሐፊውን ፕሮግራም የሚቀሰቅሰው ጥሪ በፋንክሽኑ ውስጥ ስለሌለ ባለበት ይቆይ።

ቆጠራው ጎድሎ ካገኙት፣ ማረሚያውን ለብቻው በአንድ ኮሚት (በጊት ተለይቶ በሚመዘገብ ለውጥ)፣ ማጽዳቱን በሌላ ኮሚት ያስቀምጡ። በእኔ እምነት ይህ ከሁሉም ደረጃዎች ይበልጣል፤ ማረሚያውን ወደ ቆየ ከርነል የሚመልስ ሰው ከእርሱ ጋር የማያስፈልገውን ለውጥ እንዲሸከም አይገደድምና።

በመጨረሻ ፖርቱን በ«ኤስቲቲዋይ» ትእዛዝ ጥሬ ወደሚባለው፣ ባይቶች ሳይለወጡ ወደሚያልፉበት አሠራር ያስገቡና 5000 ባይት ይላኩ፤ ጥሬ ካልሆነ የአዲስ መስመር ምልክት ሁለት ባይት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በፈሩ አብዛኛውን ጊዜ 4096 ባይት ስለሆነ ጅራቱ ዞሮ ወደ መጀመሪያው መመለሱም አብሮ ይፈተሻል። ከመላክዎ በፊትና በኋላ በሩት (በአስተዳዳሪ) መብት በፕሮክ ማውጫ ሥር የድራይቨርዎን ስም የያዘውን የቲቲዋይ ፋይል ያንብቡ፤ የተላኩት ቁጥር ልዩነት ልክ 5000 መሆን አለበት።